የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ በጨዋታ ሰዓት ስለ ምን ዝም ይላል?

ሱቁን ለረዳቱ ትቶ ወደ ጉምሩክ የሄደ ነጋዴ፥ ደንበኛ መጥቶ በዋጋ ሲከራከር ከረዳቱ አጠገብ ቆሞ ሊመክረው አይችልም። ረዳቱ ያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ በተማረው መጠን ነው። የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝም ችግሩ ይኸው ነው። ዛሬ በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ ቡድን ኳስ በያዘ በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር ግዴታው ሲሆን፥ ተጫዋቹ «ልወርውር ወይስ ላቀብል» ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ግን የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ከዳር ቆሞ የሚጮኽ አሠልጣኝ ቃሉ እስኪደርስ ዕድሉ ያልፋል።

ይህን ጠንቅቀው ካወቁት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሚስተር ጆን ዉድን ነበሩ። አስቀድሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር የነበሩት እኚህ ሰው፥ ከ1948 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሠልጥነዋል። በመጨረሻዎቹ 12 ዓመታት ቡድናቸው 10 ጊዜ የአሜሪካን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ሲወስድ፥ 7ቱ ያለማቋረጥ የተገኙ ናቸው። በጨዋታ ቀን የተጠቀለለ ፕሮግራም በእጃቸው ይዘው ይቀመጡ ነበር እንጂ፥ ጨዋታው ለአፍታ እንዲቆም የሚጠይቁት ከስንት አንዴ ነው። (በዚያው ጥቅል ወረቀት በኩል ለዳኞች አንዳንድ ቃል ጣል ማድረጋቸው ግን አልቀረም።) ተጫዋቾቹን የማስተማሩ ሥራ በልምምድ ቀን ማለቅ እንዳለበት ያምኑ ነበር።

ታዲያ በልምምድ ቀን ምን ያደርጉ ነበር? ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1974-75 የውድድር ዘመን 15 ልምምዶችን ተቀምጠው እየተመለከቱ፥ አሠልጣኙ የተናገሩትንና ያሳዩትን 2,326 ነገር መዘገቡ። ምስጋናው ከመቶ 7 አልሞላም፤ ባዶ ቁጣውም እንዲሁ። ሦስት አራተኛ ያህሉ ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚያስረዳ አጭር ትምህርት ነበር። ተጫዋች ሲሳሳት ትክክለኛውን ያሳዩታል፤ ቀጥሎ እርሱ የሠራውን ስሕተት ያሳዩታል፤ እንደገናም ትክክለኛውን። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ጨዋታውም ይቀጥላል።

ውሳኔን ለማስተማር ግን ልምምዱ ራሱ ምርጫ ያለበት መሆን አለበት። ወንበር ደርድሮ በመካከሉ ኳስ እያነጠሩ መሮጥ እጅን ያፍታታል፤ ወንበር ግን አይወስንም፥ አያታልልምም። በብዙ አሠልጣኞች ዘንድ የተለመደው ሦስት አጥቂ በሁለት ተከላካይ ላይ የሚሄድበት ልምምድ ከዚህ እጅግ ይሻላል። በመካከል ኳስ ይዞ የሚመጣው ልጅ ተከላካዩን ይመለከታል፤ ወደ እርሱ ከመጣ በጎን ላለው ባልደረባው ያቀብላል፥ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ራሱ ይወረውራል። አሠልጣኙ «አቀብል» ብሎ ከጮኸ ትምህርቱ ፈረሰ። ልጁ ዓይኑን ከተከላካዩ አንሥቶ ወደ አሠልጣኙ መመልከት ይለምዳል፤ በውድድር ቀንም በሺሕ በሚቆጠር ሕዝብ ጩኸት መካከል ያንኑ ድምፅ ይፈልጋል። ይልቅስ ዝም ብሎ አስጨርሶ፥ «ተከላካዩ የት ነበር? ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ዋጋ የማይጠይቅ ነገር ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ልምምድ ለተመልካች የተዝረከረከ ይመስላል፤ ኳስ ይጠፋል፥ ተጫዋች ይጋጫል። ልምምዱ እንዲያምርለት የሚሻ አሠልጣኝ ወደ ወንበሮቹ መመለሱ አያስደንቅም። ስሕተቱ የሚታየው ግን የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በመጣው ሕዝብ ፊት ነው።

ሚስተር ዉድን ለሁለት ሰዓት ልምምድ የዚያኑ ያህል ጊዜ በዝግጅት ያጠፉ ነበር። እያንዳንዱን ደቂቃ በትንሽ ካርድ ላይ ጽፈው ይይዛሉ፤ የቀድሞ ዓመታት ማስታወሻቸውንም አውጥተው ያመሳክራሉ። ሁለቱ ሊቃውንት ሲቆጥሩ የሰነበቱበት የውድድር ዘመን የአሠልጣኝነታቸው መጨረሻ ሆነ። መጋቢት 31 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. በሳንዲያጎ ከተማ ቡድናቸው የኬንታኪን ዩኒቨርሲቲ 92 ለ 85 አሸንፎ 10ኛውን ዋንጫ ወሰደ።