የደከመ ባሌስትራ ይታደሳልን?

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ፒክ አፕ የኋላ ባሌስትራ ስለ ተኛ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ባሌስትራው በእሳት ጋለ፤ በመዶሻ ተቀጠቀጠ፤ እንደ ደጋን ቀና ብሎም ተመለሰልን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግን እንደ ቀድሞው ተኛ። ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ለማወቅ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ።

ባሌስትራ ማለት ከረጅም እስከ አጭር ተደራርበው በመካከል በአንድ ቡሎን የታሠሩ የብረት ንጣፎች ናቸው። ብረቱ በልኩ ሲጫን ይለመጣል፤ ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ቦታው ይመለሳል። ጭነቱ ከወሰን ሲያልፍ ግን እንደ ተለመጠ ይቀራል። «ተኛ» የምንለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ሕመም መሳሳት ነው። ንጣፎቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉና ዝገት ሲበላቸው ውፍረታቸው ይቀንሳል። የንጣፍ ግትርነት የሚሄደው ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለ ሆነ፣ ውፍረቱ ከመቶ 10 እጅ ቢቀንስ ግትርነቱ ከመቶ 27 እጅ ያህል ይቀንሳል። ይህን መዶሻ አይመልሰውም።

የባሌስትራ ብረት ጉልበቱን የሚያገኘው ከሙቀት ሥራ ነው። በፋብሪካ እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፤ በዘይት ውስጥ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ተሰባሪ እንዳይሆንም በአነስተኛ ሙቀት እንደ ገና ይሞቃል። በእሳት ግሎ እንዲሁ በአየር እንዲቀዘቅዝ የተተወ ብረት ይህን ጉልበት ያጣል። ቅርጹ ይመለሳል፤ የመሸከም ወሰኑ ግን ዝቅ ይላል። የእኛም ስሕተት ይኸው ነበር።

ስለዚህ ንጣፉ ካልሳሳና ካልተሰነጠቀ፣ የሙቀቱን ሥራ በሙሉ የሚሠራ ባለሙያም ከተገኘ፣ ማደስ ይቻላል። በመካከለኛው ቡሎን ቀዳዳ ወይም በዓይኑ አጠገብ ስንጥቅ ከታየ ግን መለወጥ እንጂ መበየድ አይገባም።

ሲለወጥም ግራና ቀኙ አብሮ ይለወጥ። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ ማንም ከሥሯ አይግባ፤ ሻንሲዋ በጠንካራ መደገፊያ ይያዝ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ቡሎኖችም በአዲስ ይተኩ። የዓይኑ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው፤ አለዚያ በውስጡ ያለው ጎሚኒ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።

ንጣፍ መጨመርስ? የኋላዋን ከፍ ያደርጋል፤ አክስሉን፣ ፍሬኑንና ጎማውን ግን አያበረታም። ዋናው ንጣፍ በጉዞ ላይ ቢሰበር አክስሉ ከቦታው ሊንሸራተት፣ መኪናዋም መንገድ ልትስት ትችላለች። በጭነቱ ላይ ደግሞ ስንት ጊዜ ሰው እንደሚሳፈር ሁላችንም እናውቃለን።

አጎቴ በመጨረሻ አዲስ ጥንድ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ከመጫኑ በፊት ይቈጥራል።