ከ15 እስከ 18፦ ሕፃናትን ከጦር ግንባር የሚያርቀው ሕግ
አንድ የ16 ዓመት ልጅ ጠመንጃ ተሸክሞ ግንባር ላይ ቢገኝ፣ በሕግ ዓይን ሕፃን ነው ወይስ ወታደር? ዓለም ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ እስኪያገኝ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ቀድማ መልሱን በሕግ ያሰፈረችው አፍሪካ ናት፤ ሰነዱም የጸደቀው አዲስ አበባ ላይ ነው። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1977 በጄኔቫ ስምምነቶች ላይ የተጨመሩት ፕሮቶኮሎች፣ ማለትም ተጨማሪ ስምምነቶች፣ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለጦር እንዳይመለመሉ ከለከሉ። በ1989 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በጥቅሉ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ይለዋል፤ አንቀጽ 38 ላይ ስለ ጦርነት ሲናገር ግን ወደ 15 ይወርዳል። ከ15 እስከ 18 ያሉት ልጆች በሌላው ጉዳይ ሁሉ ሕፃን ተብለው፣ ጥበቃው ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ተዘነጉ።

በሐምሌ 1990 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ይህን ክፍተት ዘጋው። በቻርተሩ ከ18 ዓመት በታች ያለ ማንኛውም ሰው ሕፃን ነው። አንቀጽ 22 መንግሥታት ሕፃናትን ከመመልመል እንዲታቀቡ፣ በቀጥታም በውጊያ እንዳይሳተፉ እንዲያደርጉ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት ተመሳሳይ ፕሮቶኮል የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ በ2000 ነው፤ እሱም ቢሆን ዕድሜያቸው 16 የሞላ ልጆችን መንግሥታት በፈቃደኝነት እንዲቀበሉ በር ትቷል። የአፍሪካው ሕግ ይህን በር አልከፈተም።

በ2007 የወጡት የፓሪስ መርሆዎች ደግሞ ጉዳዩ ጠመንጃ በመያዝ ብቻ እንደማይወሰን አስረዱ። ለጦር ኃይል ወይም ለታጣቂ ቡድን ምግብ የሚያበስል፣ ዕቃ የሚሸከም፣ መልእክት የሚያደርስ ወይም ለስለላ የሚላክ ልጅ፣ እንዲሁም ለወሲብ ጥቃት የተዳረገች ልጃገረድ ለጦር ከተመለመሉት ልጆች ይቆጠራሉ። እነዚህን ልጆች መርሆዎቹ በመጀመሪያ የሚያዩዋቸው እንደ ተበዳይ ነው።

ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የሚፈትነው ግን አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አለ፤ እሱም ዕድሜን ማረጋገጥ ነው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2012 በመጀመሪያ ፍርዱ የኮንጎውን የታጣቂ ቡድን መሪ ቶማስ ሉባንጋን ከ15 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በመመልመልና በውጊያ በማሰለፍ ጥፋተኛ አለው፤ 14 ዓመት እስራትም ፈረደበት። ዳኞቹ ከተመለከቷቸው ማስረጃዎች አንዱ የቪዲዮ ምስል ነበር። ገና ሲታዩ ከ15 በታች መሆናቸው የማያጠራጥር ልጆች ያሉበትን ምስል ተቀበሉ፤ በመልክ ብቻ ሊለዩ በማይችሉት ላይ ግን ጥንቃቄ አደረጉ።

የአፍሪካው ቻርተር በአንቀጽ 6 ማንኛውም ሕፃን እንደተወለደ ይመዝገብ ማለቱ ለዚህም ይጠቅማል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2016 ነው፤ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብም ሕጉ ያዛል። በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የሰፈረው ቀን ከመልማይ ፊት ለምትቆም እናት ማስረጃዋ፣ ለዳኛውም መነሻው ነው።