በብርድ ልብስ ሥር የታጠበ ፎቶግራፍ

ሚያዝያ 16 ቀን 2013 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ አንዲት የመቶ አንድ ዓመት ባልቴት ዐረፉ። ስማቸው ወይዘሮ ፌይ ሹልማን ይባል ነበር። ወደዚያ አገር በስደት ከገቡ ሰባ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሲሰደዱም ከሀብት ሁሉ የከበረባቸው ከአንድ መቶ የማያንሱ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ እነዚህም ለሠርግ ወይም ለበዓል የተነሡ ሳይሆኑ በጫካ ውስጥ፥ በጦርነት መካከል የተነሡ ናቸው። የእኚህን ሴት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የወደድነው ስለ ጀግንነታቸው ብቻ አይደለም፤ ስለ ጀግንነት የተጻፈ ብዙ አለ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ተገደው የሠሩት አንድ ሥራ ለብዙ ቀን ስላሳሰበን ነው።

የልጅነት ስሟ ፋይገል ላዘብኒክ ነበር። (ስለ ልጅነቷ ስንናገር በልጅነት አነጋገር ብንናገር አንባቢ ቅር አይበለው።) እ.ኤ.አ. በ1919 በምሥራቅ ፖላንድ ሌኒን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ከተማይቱ ዛሬ በቤላሩስ ግዛት ውስጥ ናት፤ ስሟም ከሩሲያው አብዮት መሪ የተወሰደ አይደለም፥ ከእርሱ አስቀድሞ የነበረ ነው። ወላጆቿ ሕገ ኦሪትን አጥብቀው የሚጠብቁ አይሁድ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቤት ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ሻማ በርቶ ሰንበት ይገባል፤ ሥጋና ወተት በአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ፋሲካ ሲደርስ እርሾ ያለበት ሁሉ ከቤት ይወጣል። ኦሪትን በግእዝ እየቈጠርን ላደግነው ለእኛ ይህ ሥርዓት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

ታላቅ ወንድሟ ሞይሼ ፎቶግራፍ አንሺ ነበርና ሥራውን ከእርሱ ተማረች። በአሥራ ስድስት ዓመቷም የፎቶግራፍ ቤቱን ተረክባ የከተማይቱን ሰው ሁሉ ታነሣ ጀመር። መሣሪያዋ እንደ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ፥ በሦስት እግር ላይ የሚቆም ነበር። ፊልሙን በጨለማ ክፍል ማጠብ፥ ከዚያም ወደ ወረቀት ማውጣት የእርሷ ፈንታ ነበር። ይህ ሙያ በኋላ ነፍሷን እንደሚያተርፋት ማን ባወቀ!

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ሶቪየት ኅብረትን ሲወሩ ከተማይቱ በእጃቸው ወደቀች። አይሁዱንም በአንድ አጥር ውስጥ ሰበሰቧቸው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1942 አንድ ሺህ ስምንት መቶ ኀምሳ ሰዎችን ከከተማይቱ አጠገብ በተቈፈረ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አቁመው ገደሏቸው። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 8 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ጾመ ፍልሰታን የያዝንበት ሳምንት ነበር። በአይሁድ አቈጣጠርም ኤሉል የሚባለው ወር የባተበት ዕለት ነው። ኤሉል የንስሓ ወር ነውና ምእመናን እንዲነቁ በየማለዳው በምኵራብ ቀንደ መለከት ይነፋበታል። በዚያ ማለዳ በሌኒን የተሰማው ድምፅ ግን ሌላ ነበር። ከሟቾቹ መካከል አባቷና እናቷ፥ እኅቶቿና ታናሽ ወንድሟም ነበሩ።

ከሠላሳ የማይበልጡ ሰዎች ብቻ ለጀርመኖቹ በሚጠቅም ሙያቸው ምክንያት ከሞት ተለዩ፤ ፋይገልም አንዷ ሆነች። ሹማምንቱ ፎቶግራፍ መነሣት ይወዱ ነበር። ዋናው አዛዥ ለመነሣት ሲቀመጥ ሥዕሉ ያላማረ እንደ ሆነ እንደሚያስገድላት ነገራት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። አንድ ቀን ራሳቸው ያነሡትን ፊልም አምጥተው እንድታጥብ አዘዟት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፥ ሥዕል በመድኃኒቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ አይታይም፤ ቀስ በቀስ እየጠቈረ ይወጣል። በጨለማው ክፍል ብቻዋን ሆና ስትመለከት የጅምላው መቃብር ወጣ፤ በመቃብሩም ውስጥ የገዛ ቤተ ሰቧን ዐወቀች። ወላጆቿን የቀበረ፥ ያለቀሰላቸው ዘመድ አልነበረም። በአይሁድ ሥርዓት ለሟች የሚደገመው ቃዲሽ የሚባለው ጸሎት በልማድ አሥር ወንዶች ካልተሰበሰቡ አይደገምም፤ አሥር ወንዶች ከየት ይምጡ? እርሷ ግን ሥራዋን ፈጸመች፤ ለገዳዮቹ የታዘዘችውን ሰጥታ አንድ ቅጂ ለራሷ ሸሸገች።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ በነገርን ጊዜ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ ለምን እንቢ አላለችም?» ሲል ጠየቀን። እንቢ ብትል ትሞት ነበር፤ ፊልሙም በሌላ ሰው እጅ ይታጠብ ነበር፤ ቅጂውም ባልቀረ ነበር ብለን መለስንለት። ልጁ ግን ዝም ብሎ ተቀመጠ እንጂ የረካ አልመሰለንም። እውነቱን ለመናገር፥ መልሳችን ትክክል ይሁን እንጂ ያችን ሰዓት ሊመዝናት የሚችል አይደለም።

በሚቀጥለው ወር አርበኞች ከተማይቱን በድንገት ሲያጠቁ አብራቸው ወደ ጫካ ገባች። አብዛኞቹ ከጀርመን ምርኮ ያመለጡ የሶቪየት ወታደሮች ነበሩ፤ ጭፍራውም ሞሎታቫ ይባል ነበር። ከመካከላቸው አይሁድን የሚጠሉ ብዙ ነበሩ። የእኅቷ ባል ሐኪም ስለ ነበረ እርሷም ሕክምና ሳታውቅ አትቀርም ብለው አስታማሚ አደረጓት። የጭፍራው ሐኪም ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነበር! ቁስለኛውን ከቅርንጫፍ በተሠራ አልጋ ላይ አጋድመው፥ ማደንዘዣ ስለሌላቸው ቮድካ አጠጥተው ይቀዱት ነበር።

አርበኞቹ ሌኒንን እንደ ገና ባጠቁ ጊዜ የፎቶግራፍ መሣሪያዋን ከዚያ አወጣች። በዚያው ጊዜ የወላጆቿን ቤት ምን እናድርገው ብለው ጠየቋት። የሚኖርበት ሰው የለም፥ ለጠላትም አይተርፍም ብላ እንዲያቃጥሉት ፈቀደች፤ ተቃጠለም። ሰው የተወለደበትን ቤት በገዛ ቃሉ ሲያስቃጥል ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ እ.ኤ.አ. 1944 ድረስ በአንድ እጇ ጠመንጃ፥ በአንድ እጇ መሣሪያዋን ይዛ ኖረች። ለዘመቻ ስትሄድ መሣሪያውን መሬት ቆፍራ ትቀብረዋለች። ጨለማ ክፍል ስላልነበራት ፊልሙን በብርድ ልብስ ሥር ተሸፍና ታጥባለች፤ ሲነጋም ፊልሙን በወረቀቱ ላይ አድርጋ በፀሐይ ብርሃን ታትማለች። ከሥዕሎቹ በአንዱ የነብር ቆዳ የመሰለ ካፖርት ለብሳ ጠመንጃ ይዛ ትታያለች። እኛን ከሁሉ የበለጠ የያዘን ግን የቀብሩ ሥዕል ነው። ሁለት አይሁድና ሁለት ሩሲያውያን በአንድነት ሲቀበሩ ያሳያል። በሕይወት ሳሉ የአይሁድ ጥላቻ በጭፍራው ውስጥ ከባድ ነበር፤ መቃብሩ ግን አልለያቸውም። እነዚህ ቀባሪ አግኝተዋል፤ አብሯቸው የቆመችውም ልጅ ለወላጆቿ ያላገኘችውን ነገር በመሣሪያዋ ታነሣ ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ እንደ እርሷ አርበኛ የነበረውን ሞሪስ ሹልማንን አገባች። በጀርመን አገር ላንድስበርግ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ወይዘሮ ፌይ በቶሮንቶ መጀመሪያ በልብስ ፋብሪካ ሠሩ፤ ልጆችም ወልደው አሳደጉ። የጦርነቱን ዘመን ታሪካቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 በመጽሐፍ አሳተሙ። እስከ እርጅናቸውም ድረስ ሥዕሎቹን እያሳዩ ለወጣቶች ይናገሩ ነበር፤ አይሁድ እንደ በግ ዝም ብለው ታረዱ የሚለው ወሬ እንደማይረታ ማስረጃው በእጃቸው ነበርና።

በቶሮንቶ ሳሉ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ የሌሎች ሰዎችን ፎቶግራፍ በእጅ ቀለም መቀባት ነበር፤ ጉንጩን ቀላ፥ ቀሚሱን ሰማያዊ ማድረግ። ከጫካ ያመጧቸው ግን ጥቁርና ነጭ እንደ ሆኑ ቀሩ።