የጠበበ ሚትራል ቫልቭን ደረት ሳይከፈት ማስፋት፦ ከጎባ የሚጀምር ሕክምና

ሮቤና ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢና ከዚያም ከፍ ባለ ደጋ ላይ ይገኛሉ። በዚያ የምትኖር ነፍሰ ጡር ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ብትናገር፣ ቤተሰቧም ሆነ አንዳንድ ጊዜ ባለሙያው ሰበቡን ለዳገቱና ለእርግዝናው ይሰጣል። ከቅሬታዋ በስተጀርባ ግን በልጅነቷ የያዛት የሩማቲክ ትኩሳት ያስቀረው የልብ ጠባሳ ሊኖር ይችላል።

ጤናማ ሚትራል ቫልቭ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ጠርዞቹ በጠባሳ ተጣብቀው ስፋቱ ወደ 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሲወርድ ጥበቱ ጽኑ ይባላል፤ ደም በግራ አትሪየም ይታገታል፣ ግፊቱም ወደ ሳንባ ይመለሳል። እርግዝና የደሙን መጠንና የልብ ምቱን ፍጥነት ስለሚጨምር ተሰውሮ የቆየው ሕመም ያን ጊዜ ይገለጣል።

ጃፓናዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ዘዴ ለእንዲህ ያለው ታካሚ ከቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ከፍቷል። ካቴተሩ በብሽሽት ደም መልስ ገብቶ ቀኝ አትሪየም ይደርሳል፤ በሁለቱ አትሪየሞች መካከል ያለው ግድግዳ በመርፌ ተበስቶም ወደ ግራ ይሻገራል። ባሉኑ በደረጃ ይነፋል፦ በቅድሚያ የፊት ጫፉ፣ ቀጥሎ የኋላው፣ በመጨረሻም ወገቡ። የተጣበቁትን ጠርዞች የሚያላቅቀው ይህ የመጨረሻው ነው።

በአገራችን የልብ ሕክምና እንዲስፋፋ የደከሙት የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን መሠረቱ። የልብ ሕክምና ማዕከሉም በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ። ይሁንና ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ውሳኔ የሚሰጠው ከጉዞው በፊት ነው።

ታካሚዋን በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ የማዳመጫውን ደወል መሰል ገጽ በልብ ጫፍ ላይ በቀስታ አሳርፎ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ በዲያስቶል ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ዝቅተኛና ጎርናና በመሆኑ በችኮላ ያመልጣል። ኢኮካርዲዮግራፊ የቫልቩን ተንቀሳቃሽነት፣ ውፍረት፣ የካልሲየም ክምችትና ከሥሩ ያሉትን ጅማቶች እያንዳንዳቸውን ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይመዝናል። ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባሉኑ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። በግራ አትሪየም የረጋ ደም ወይም ከመካከለኛ ጀምሮ ያለ የቫልቭ ማፍሰስ ከተገኘ ግን አይደረግም። ነፍሰ ጡርዋ በቤታ ብሎከርና በፉሮሴማይድ ካልተሻላት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ፅንሱ ከጨረር ተጠብቆ፣ ሊሠራላት ይችላል።

ባሉኑ ጥበቱን እንጂ ሕመሙን አያስወግድም፤ ስለዚህ ታካሚዋ ወደ ጎባ ስትመለስ ፔኒሲሊኑ ይቀጥላል። የተለመደው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው ቤንዛቲን መርፌ ነው። የአሜሪካ ልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር ግን ጽኑ ጥበት ወይም የልብ ድካም ምልክት ያለባቸው ሕሙማን ከመርፌው በኋላ ድንገት ሊወድቁ ስለሚችሉ፣ ለእነርሱ በአፍ የሚወሰደው እንዲመረጥ አሳስቧል።