ሙቀቱ መጨረሻ ነው የሚመጣው

የአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ አንድ የ21 ዓመት ወጣት ጻፉ። እግሩ ተሰብሮ ሜልበርን ሆስፒታል ገብቷል፤ እሱን ያስጨነቀው ግን ስብራቱ ሳይሆን ማደንዘዣው ነበር። ዐሥር ዘመዶቹ በኤተር እንደተኙ ቀርተዋል። ኤተሩን ትተው ያኔ አዲስ የነበረውን ሃሎቴን ቢሰጡት ልቡ ይሮጥ፣ ገላው ይግል ጀመር። ጋዙን ዘግተው በበረዶ አቀዘቀዙት፤ ተረፈ።

ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ይሉታል፤ በዘር የሚወረስ ነው። በማደንዘዣ ጋዝ ወይም ሰክሲኒልኮሊን በተባለው መድኃኒት ሲቀሰቀስ፣ ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ያለ ልክ ይለቀቃል፤ ጡንቻው ይገታተራል፣ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ይነዳል። ስሙ ሙቀት ይላል እንጂ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቀድሞ የሚታየው በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሻቀብ፣ የልብ ምት መፍጠንና የመንጋጋ መግጠም ነው። የማደንዘዣ ማሽኑ ላይ ያለውን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጠውን የሶዳ ላይም ቆርቆሮ በእጁ የነካ ባለሙያ ሲያቃጥለው ያገኘዋል። ቴርሞሜትር የሚጠብቅ ሰው ግን ይቀደማል።

መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ነው፤ ኬፕታውን ውስጥ ጋይስፎርድ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1975 በአሳማዎች ላይ አሳየው። ከ100 ታማሚ ከ70 እስከ 80 ይገድል የነበረው አደጋ፣ መድኃኒቱ ባለበት ከ10 በታች ወርዷል። ችግሩ አዘገጃጀቱ ነው፦ የተለመደው ብልቃጥ 20 ሚሊግራም ይዞ በ60 ሚሊሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው መጠን ብቻ ስምንት ብልቃጥ ይፈጃል። ብልቃጥ ከመናጥ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ያስፈልጋል። ውድ ስለሆነና ሳይነካ ጊዜው ስለሚያልፍ ድሃ አገር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። እዚያ የሚቀረው ጋዙን መዝጋት፣ ኦክስጅን መልቀቅና በረዶ ፍለጋ መሮጥ ነው።

የአካባቢ ማደንዘዣም የራሱ ጉድ አለው። ቡፒቫኬይን ደም ሥር ከገባ ታማሚው አፉ ይደነዝዛል፣ ጆሮው ይጮኻል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። መልሱ 20 በመቶ የቅባት ድብልቅ ነው፤ ጋይ ዋይንበርግ በአይጦች ላይ ያሳየውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1998 አሳተመ።

እኔን ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ግን አናፊላክሲስ የሚባለው ድንገተኛ ከባድ አለርጂ ነው፤ መድኃኒቱ ርካሽ ነዋ። ለልብ ሕመም ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የተወጋ ልጅ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው፣ አንዳንዱ ባለሙያ ሃይድሮኮርቲዞን ሲስብ ደቂቃው ያልፋል። የሚቀድመው አድሬናሊን ነው፦ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ በጭን ጡንቻ የውጭ ጎን፤ ካልተሻለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ራሱን ያዞረውን ሰው ድንገት ማቆም በራሱ ሊገድል ይችላል፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ማስተኛት ነው።

ወደ ሜልበርኑ ወጣት ልመለስ። እሱን ያዳነው የቤተሰቡን ሞት ቆጥሮ መናገሩ ነው። «ከዘመድ ማደንዘዣ የጎዳው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው «የለም» ይላል። «ኦፕራሲዮን ገብቶ ያልወጣስ?» ቢባል፣ «አጎቴ፤ እሱማ ቀኑ ደርሶ ነው» ሊል ይችላል።