ሽቦ ከመሳብ እስከ ርክክብ፦ የእሳት ማስጠንቀቂያና የጥበቃ ካሜራ ለማጆች በልደታ

ልደታ ማርያም አካባቢ የእሳት ማስጠንቀቂያና የጥበቃ ካሜራ ተከላ የሚለምድ ወጣት ዕጣው በሁለት ነገሮች ይወሰናል፦ በሕንፃው ቁመትና በሥልጠናው ሥርዓት። ሁለቱም በሃያ ዓመት ውስጥ ተለውጠዋል።

ከሥልጠናው እንጀምር። የልደታ ባቡር ፌርማታ ጎረቤት የሆነው የተግባረ ዕድ ፌርማታ ስሙን ያገኘው በ1934 ዓ.ም ከተመሠረተው የሙያ ትምህርት ቤት ነው። በ10+1፣ 10+2 እና 10+3 ዘመን ተማሪው የክፍሉን ትምህርት ተምሮ ለተግባር ልምምድ፣ በተለምዶ «አፓረንት»፣ ይወጣ ነበር። በ2000 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ግን ክብደቱን ወደ ሥራ ቦታ አዞረው። የትብብር ሥልጠና 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን ታሰበ፤ መጨረሻው ደግሞ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ ሆነ።

ሰፈሩም አልቆመም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተከለ፤ በሰንጋ ተራ በኩል የባንክ ሕንፃዎች ተከተሉ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያዎችንና ከ12 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎችን በከፍተኛው ምድብ፣ በ«ሐ»፣ መደበ። በየካቲት 2014 ደግሞ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ተመረቀ። በዘበኛና በአጥር ብቻ የሚጠበቅ ግቢ እያነሰ ሄደ።

ዕቃውም ተቀየረ። ድሮ ካሜራ የምስልና የኤሌክትሪክ ገመድ ለየብቻ ይሳብለት ነበር፤ ዛሬ አንድ የኔትወርክ ገመድ ሁለቱንም ይሸከማል፣ ርዝመቱ ግን ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። የቀድሞው የእሳት ፓኔል ጭሱ ያለበትን ክልል ብቻ ይናገር ነበር። አድሬሴብል የሚባለው እያንዳንዱን ዲቴክተር በቁጥሩ ይለያል። ለማጁ ቁጥር ሲሰጥ ከተሳሳተ ፓኔሉ ሦስተኛ ፎቅ ሲነድ አምስተኛውን ይጠቁማል።

የሁለቱ ተከላዎች ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በካሜራ ተከላ የተሳሳተ ለማጅ ስሕተቱን ያን ዕለት በስክሪኑ ላይ ያየዋል። የእሳት ማስጠንቀቂያ ስሕተት ግን ካልተፈተሸ እስከ ቃጠሎው ቀን ተሸሽጎ ይኖራል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም መርካቶ ሸማ ተራን ያወደመው እሳት ከተማዋን ሲያስደነግጥ፣ ጥያቄው ስለ ማጥፋት ብቻ መሆን አልነበረበትም። ወደ እሳት አደጋ ስልክ 939 የሚደወለው ሰው እሳቱን ካየ በኋላ ነው፤ ዲቴክተር የሚሰቀለው ማንም በሌለበት ሰዓት እንዲያይ ነው።

ስለዚህ ቱቦ የቀበረና ሽቦ የሳበ ለማጅ ከርክክቡ በፊት ወደ ሌላ ሳይት ከተላከ የሙያውን እኩሌታ ሳይማር ቀረ ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የለማጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ እንዲገልጽ ይጠይቃል። እዚያው ውል ላይ ሦስት መስመር መጨመር አይከብድም፦ እያንዳንዱን ዲቴክተር በጭስ መፈተሽ፣ መብራት አጥፍቶ በባትሪ መሥራቱን ማረጋገጥ፣ በርክክቡ ቀን ከባለሙያው ጎን ቆሞ መዝገብ መሙላት። በድርጅት በሚሰጠው 70 በመቶ ሥልጠና ውስጥ ይህ ከሌለበት ቁጥሩ የጉልበት እንጂ የሙያ መለኪያ አይሆንም።