ያልተቆጠረው ሕመምተኛ፦ በጂዛንና በደቡብ ጠረፍ ከተሞች የሕዝብን የጤና ፍላጎት ስለማጥናት

የአንድን አካባቢ ሕዝብ የጤና ችግር ለማቃለል የሚነሣ ማንኛውም ወገን አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ሕዝቡ ማነው? ምን ያመዋል? ምንስ ይፈልጋል?» የሚለው ነው። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ የሕዝቡ ኑሮና ሕመም ሳይጠና ክሊኒክ መክፈትም ከግምት አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ጫፍ በምትገኘው በጂዛንና በጠረፍ ከተሞቿ ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን። ቦታውን የመረጥነው ወገኖቻችን በየመን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ የሚገቡበት በር ስለሆነ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጂዛን በቀይ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋ ሞቃት ሜዳ፣ በስተምሥራቅም እንደ ፈይፋ ያሉ ረጃጅም ተራሮች ያሉት አገር ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በየሸለቆው ሲተኛ ትንኝ ይራባል። ስለሆነም ወባ ከብዙው የሳዑዲ ክፍል ከጠፋ በኋላ እንኳ በደቡብ ምዕራቡ ቆይቷል። በ1998 በአገሪቱ ውስጥ በወባ የተያዙት ከ35 ሺህ በላይ ነበሩ።

በሴፕቴምበር 2000 ደግሞ የጂዛን ጤና ጣቢያዎች ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳትና ከባድ የጉበት ሕመም አጋጠማቸው። በላቦራቶሪ ሲመረመር በ1931 በኬንያ የታወቀው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሆኖ ተገኘ። በሽታው ከአፍሪካ ውጭ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሳዑዲ ከ880 በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ፤ ከ100 በላይ ሞቱ። ብዙዎቹ በእረኝነት፣ በእርድ ወይም በሌላ መንገድ ከከብት ጋር ንክኪ የነበራቸው ነበሩ። ይህ በሽታ ሰው ከመያዙ በፊት በጎችንና ፍየሎችን ያስጨነግፋል። ታዲያ ይህን አስቀድሞ የሚያየው ማነው? ሐኪሙ ሳይሆን እረኛው ነው። በዚያ አገር ደግሞ እረኛው ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ፣ አንዳንዴም የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ነው።

እዚህ ላይ ዋናው ቁም ነገር ይገለጻል። የሆስፒታል መዝገብ የሚነግረን ሆስፒታል ስለመጣው ሰው ብቻ ነው። እታሰራለሁ፣ እባረራለሁ ብሎ በተራራ ተደብቆ በትኩሳት የሚቃጠለው አይቆጠርም። ትንኝ ግን ፈቃድ አትጠይቅም፤ ከእርሱ የወሰደችውን ለባለአገሩም ታደርሳለች። ስለዚህ አንዱን ክፍል የዘለለ ጥናት ለሁሉም የተሳሳተ ጥናት ነው። ሳዑዲዎች ራሳቸው ይህን በወባ አይተውታል። ከርጭትና ከአጎበር ሌላ ምርመራውና ሕክምናው ወረቀት ላለውም ለሌለውም በነጻ እንዲሰጥ ተደረገ፤ በ2010 በአገር ውስጥ በወባ የተያዙት ከ100 በታች ወረዱ።

ከትኩሳት ሌላም በመዝገብ የማይገኝ ችግር አለ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2020 በጂዛንና በአል ዳይር ተፋፍገው ስለታሰሩ ኢትዮጵያውያን ዘገበ። በኦገስት 2023 ደግሞ የሳዑዲ ጠረፍ ጠባቂዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን መግደላቸውን አስታወቀ። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎታል። ነገር ግን እግሩን ያጣው ጎልማሳና በመንገድ የተደፈረችው እህት ፍላጎታቸውን የሚጠይቃቸው ይሻሉ።

እንግዲህ ጥናቱ እንዴት ይካሄድ? አንደኛ፣ በአካባቢው የሚኖረው ሁሉ፣ ባለአገሩም መጤውም፣ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ስምና የፈቃድ ቁጥር አይጻፍ፤ ዝርዝሩ በፖሊስ እጅ ከገባ ጥናቱ ራሱ ጉዳት ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጥያቄው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይቅረብ፤ ሴቶችን ሴቶች ያነጋግሩ። አራተኛ፣ ያለው አገልግሎት ምን ያህል እንደሚርቅና ምን እንደሚያስከፍል ይመዝገብ። አምስተኛ፣ ውጤቱ ለተጠየቀው ሕዝብ ተመልሶ ይነገር፤ ቅድሚያ የሚሰጠውንም እርሱ ይምረጥ። በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫም ሕዝብ በጤናው ዕቅድ የመሳተፍ መብትም ግዴታም አለው ይላል።

ይህ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽህና ባለሙያውን ባንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ዛሬ በውጭ አገር ሕክምናና የሕዝብ ጤና የምንማር ሁሉ ይህን ልምድ ይዘን ከጂዛን ለተመለሱት፣ በየቀበሌያቸው ሕመማቸውን ይዘው ለተቀመጡት ወገኖች ልናውለው ይገባናል። ጥያቄያችንም «ወረቀት አለህ?» ሳይሆን «ምን ያምሃል?» ይሁን።